የፕሮፖርሽን ሃይፖተሲስ ቴስት ደረጃ በደረጃ፦ ከሥር የሚገባው ፒ የትኛው ነው?

ሀዋሳ ላይ ስታቲስቲክስ ለሚወስዱ ተማሪዎች ማስጠናት ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም። ስለ ፕሮፖርሽን ሃይፖተሲስ ቴስት ነው፤ ማለትም ስለ አንድ ድርሻ (ፕሮፖርሽን) የተባለን ነገር ጥቂት ሰዎችን መርጦ (ሳምፕል ወስዶ) መፈተሽ። ፈተና ሲቃረብ በቴሌግራም ይመጣል። ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣም ይመጣል። «ስኩዌር ሩቱ ውስጥ የሚገባው ፒ የትኛው ነው? የተሰጠን ወይስ ከሳምፕሉ ያወጣነው?»

መልሱ አጭር ነው። ቴስት ስትሠሩ የሚገባው የተሰጠው ነው፤ ነሉ (ለጊዜው እውነት ነው ብለን የምንነሳበት አባባል) ላይ የጻፋችሁት ማለት ነው። ግን መልሱን ብቻ ሸምድዶ የሄደ ተማሪ በሳምንቱ ተመልሶ ይጠይቀኛል። ምክንያቱ የገባው አይመለስም። ስለዚህ ሥራውን በሙሉ ከነምክንያቱ እዚህ አስቀምጫለሁ። ደብተር አውጡና አብራችሁኝ ሥሩ።

የሚያስፈልጋችሁ

- ስኩዌር ሩትና ቅንፍ ያለው ካልኩሌተር። የስልኩም ይሠራል፤ ግን ፈተና ክፍል ስልክ ስለማይገባ ከአሁኑ በምትፈተኑበት ካልኩሌተር ተለማመዱ።
- የዜድ ሠንጠረዥ። ዓይነቱን እወቁ፤ ደረጃ 8 ላይ እመለስበታለሁ።
- ደብተርና እርሳስ። የደወሉን ኩርባ (የኖርማል ስርጭትን ሥዕል) በእጅ መሣል ግዴታ ነው።
- ከጥያቄው የሚወጡ አራት ቁጥሮች፦ የተባለው ፕሮፖርሽን (ፒዜሮ)፣ የሳምፕሉ ብዛት (ኤን)፣ በሳምፕሉ ውስጥ «አዎ» ያሉት ብዛት (ኤክስ) እና አልፋ።

አብረን የምንሠራው ምሳሌ

አንድ ሰው «ሀዋሳ ውስጥ ሒሳብ በቴሌብር የሚቀበሉ የባጃጅ ሹፌሮች 40 በመቶ ናቸው» አለ እንበል። እናንተ ደግሞ አሁን ከዚያ በልጠዋል ብላችሁ ጠረጠራችሁ። 150 ሹፌሮችን በዕጣ መርጣችሁ ጠየቃችሁ። 72ቱ «እንቀበላለን» አሉ። ቁጥሮቹን ለልምምድ ብዬ የፈጠርኳቸው ናቸው፤ የከተማዋ እውነተኛ አኃዝ አድርጋችሁ እንዳትወስዷቸው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄው ስለ ፕሮፖርሽን መሆኑን አረጋግጡ

ለአንድ ሹፌር የምታቀርቡት ጥያቄ መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ከሆነ ፕሮፖርሽን ነው። «በቀን ስንት ብር ታገኛለህ?» ከሆነ ግን አማካይ ነው፤ መንገዱም ሌላ ነው። እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው ቀጥሎ ያለውን ሁሉ በትክክል ቢሠራም ዋጋ የለውም።

ደረጃ 2፦ ነሉንና አልተርኔቲቩን ጻፉ፤ መረጃውን ሳታዩ

ነል፦ ፒ = 0.40
አልተርኔቲቭ (እናንተ የጠረጠራችሁት)፦ ፒ > 0.40

እዚህ ላይ ፒ ማለት የሁሉም የሀዋሳ ባጃጅ ሹፌሮች ድርሻ ነው። የ150ዎቹ አይደለም። የ150ዎቹን ድርሻ ቆጥራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስለምታውቁት ነገር መላምት አይቆምም።

ነሉ ውስጥ ሁልጊዜ የእኩል ምልክት አለ። ለምን? ስሌቱ የሚነሳበት አንድ የተቆረጠ ቁጥር ስለሚፈልግ ነው። «ከ40 በመቶ ይበልጣል» ከሚለው ተነስታችሁ ማስላት አትችሉም። ስንት ነው የሚበልጠው? 41 ነው? 55 ነው? «ልክ 40 ነው» ከተባለ ግን መነሻ አላችሁ።

አቅጣጫውን ከጥያቄው ቃል ውሰዱ። «ይበልጣል»፣ «ጨምሯል» ካለ ወደ ቀኝ። «ያንሳል»፣ «ቀንሷል» ካለ ወደ ግራ። «ይለያል»፣ «ተለውጧል» ካለ ወደ ሁለቱም ጎን፤ አልተርኔቲቩም ፒ ≠ 0.40 ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ፦ አቅጣጫውን ውጤቱን አይታችሁ አትምረጡ። ጉዳቱን በቁጥር ላሳያችሁ። «እንቀበላለን» ያሉት 71 ቢሆኑ ኖሮ ዜድ (ውጤቱ ከተባለው ምን ያህል እንደራቀ የሚለካው ቁጥር፤ ደረጃ 7) 1.83 ይወጣ ነበር። በአንድ ጎን ፒ-ቫሉው (ነሉ እውነት ቢሆን እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የማግኘት ዕድል፤ ደረጃ 8) 0.0336 ነው፤ ከ0.05 ያንሳል። በሁለት ጎን ግን 0.0672 ነው፤ ከ0.05 ይበልጣል። ስለዚህ አንድ ሰው በሁለት ጎን ጀምሮ አልሆን ሲለው ወደ አንድ ጎን ቢገለብጠው፣ ውሳኔውን የሰጠው መረጃው ሳይሆን እሱ ራሱ ነው።

ደረጃ 3፦ አልፋን ወስኑ

ጥያቄው ካልሰጣችሁ 0.05 ውሰዱ። አልፋ ማለት ነሉ እውነት ሆኖ ሳለ በስህተት ለመጣል የምትፈቅዱት ዕድል ነው። ነሉ እውነት በሆነበት ሁኔታ ይህንኑ ጥናት መቶ ጊዜ ብትደጋግሙት አምስት ጊዜ ያህል በአጋጣሚ ብቻ «ጣሉት» የሚል ውጤት ይወጣል እንደማለት ነው። ስህተቱ የሰው ሕይወት ወይም ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍል ከሆነ 0.01 ይመረጣል። ይህም ከስሌቱ በፊት ይወሰናል።

ደረጃ 4፦ ቅድመ ሁኔታዎቹን ፈትሹ

ብዙ ተማሪ ይህን ዘሎ ወደ ፎርሙላው ይሮጣል። ፈተና ላይ ማርክ ያስቀንሳል፤ እውነተኛ ጥናት ላይ ደግሞ ሥራውን በሙሉ ያበላሻል። ሦስት ነገር አለ።

አንደኛ፣ ሳምፕሉ በዕጣ የተመረጠ ይሁን። 150ዎቹን በሙሉ መናኸሪያው በር ላይ ብትይዟቸው የጠየቃችሁት የመናኸሪያን ሹፌሮች እንጂ የሀዋሳን አይደለም። ታቦር በኩል የሚሠራው፣ ሐይቅ ዳር የሚመላለሰው፣ ሐዌላ ቱላ ያለው ሁሉ የመመረጥ ዕድል ይኑረው። ከየማኅበሩ የአባላት ስም ዝርዝር ወስዶ ዕጣ ማውጣት አንድ ጥሩ መንገድ ነው። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። በዘፈቀደ ያልተመረጠን ሳምፕል ምንም ፎርሙላ አያድነውም።

ሁለተኛ፣ ሳምፕሉ ከጠቅላላው ሕዝብ ከ10 በመቶ አይብለጥ። ለኛ 150 ሰው፣ ጠቅላላው ሹፌር ቢያንስ 1500 መሆን አለበት ማለት ነው። ፎርሙላው እያንዳንዱ መልስ ከሌላው ነጻ ነው ብሎ ስለሚነሳ ነው። ከትንሽ ቡድን ብዙ ሰው ስትመርጡ፣ እያንዳንዱ የወጣ ሰው የቀሪዎቹን ዕድል ይቀይረዋል።

ሦስተኛ፣ ኤን × ፒዜሮ እና ኤን × (1 − ፒዜሮ) ሁለቱም ቢያንስ 10 ይሁኑ። ለኛ 150 × 0.40 = 60፣ 150 × 0.60 = 90። አልፏል። አንዳንድ መምህር 5 ይበቃል ይላል፤ የመምህራችሁን ተከተሉ። ይህ የሚፈተሸው፣ የደወሉ ኩርባ ለቆጠራው ጥሩ ምትክ የሚሆነው ቁጥሮቹ በቂ ሲሆኑ ብቻ ስለሆነ ነው።

ካላለፈስ? አንድ ምሳሌ እዩ። ፒዜሮ 0.10፣ ኤን 20፣ «አዎ» ያሉት 5። 20 × 0.10 = 2 ነው፤ አላለፈም። ዝም ብላችሁ በዜድ ብትሠሩት ዜድ 2.24፣ የአንድ ጎን ፒ-ቫሉ 0.0125 ይወጣል። በባይኖሚያል ሠንጠረዥ (የ«አዎ»ን ብዛት ዕድል ያለ ኩርባው በቀጥታ በሚሰጠው) ትክክለኛውን ስታወጡት ግን 0.0432 ነው። ከሦስት እጥፍ በላይ ልዩነት አለው። ስለዚህ ቅድመ ሁኔታው ካላለፈ ዜድን ትታችሁ ባይኖሚያልን ተጠቀሙ።

ደረጃ 5፦ ፒሃትን አውጡ

ፒሃት በሳምፕሉ ውስጥ ያገኛችሁት ድርሻ ነው፦ 72 ÷ 150 = 0.48። ይኸው ነው።

ደረጃ 6፦ ስታንዳርድ ኤረሩን አስሉ

አሁን ወደዚያ ጥያቄ ደረስን።

ሃይፖተሲስ ቴስት ማለት የሰውየውን አባባል ለጊዜው ተቀብሎ መነሳት ነው። «እሺ፣ 40 በመቶ ነው እንበል። ልክ 40 በመቶ ከሆነ፣ 150 ሰው በዕጣ ስንጠይቅ ውጤቱ ምን ያህል ወዲያ ወዲህ ይላል?» ይህ «ወዲያ ወዲህ» ስታንዳርድ ኤረር ይባላል። ጥያቄውን እንደገና አንብቡት። «40 በመቶ ከሆነ» ነው የሚለው። ስለዚህ ከሥር የሚገባው 0.40 ነው። 0.48ን ብታስገቡ መነሻችሁን በመሐል ቀይራችኋል። ከላይ «40 ነው እንበል» ብላችሁ፣ ከሥር «48 ነው» ማለታችሁ ነው።

ስታንዳርድ ኤረር = √(ፒዜሮ × (1 − ፒዜሮ) ÷ ኤን)
= √(0.40 × 0.60 ÷ 150)
= √0.0016
= 0.04

ትርጉሙ፦ እውነቱ 40 በመቶ ከሆነ፣ የ150 ሰው ሳምፕል ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ከ40 በመቶ በ4 ነጥብ ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል።

ሌላም የሚጠይቁኝ አለ፦ «ቲ-ቴስት ለምን አይሆንም?» አማካይ ስትፈትሹ የመረጃው ስርጭት ለብቻው ያልታወቀ ነገር ስለሆነ ከሳምፕሉ ይገመታል። ቲ የመጣው ለዚያ ግምት ነው። ፕሮፖርሽን ላይ ግን ፒ ከታወቀ ስርጭቱም አብሮ ይታወቃል፤ ፒ × (1 − ፒ) ነው። ነሉ ፒን ሲሰጣችሁ ስርጭቱንም ሰጣችሁ። የሚገመት ነገር ስላልቀረ ዜድ ይበቃል።

ደረጃ 7፦ ዜድን አስሉ

ዜድ = (ፒሃት − ፒዜሮ) ÷ ስታንዳርድ ኤረር
= (0.48 − 0.40) ÷ 0.04
= 2.00

ያገኘነው ውጤት ከተባለው በሁለት ስታንዳርድ ኤረር ርቋል። ምልክቱን አትጣሉ። አልተርኔቲቫችሁ ወደ ቀኝ ሆኖ ዜድ ኔጌቲቭ ከወጣ፣ መረጃው ከጥርጣሬያችሁ በተቃራኒ ሄዷል ማለት ነው።

ደረጃ 8፦ ፒ-ቫሉውን ፈልጉ

መጀመሪያ ሣሉ። የደወል ኩርባ፣ መሐሉ ላይ 0፣ በስተቀኝ 2.00። ከ2.00 በስተቀኝ ያለውን ጭራ አጥቁሩት። የምትፈልጉት የዚያን ጥቁር ቦታ ስፋት ነው።

አሁን ሠንጠረዡን እዩ። ሁለት ዓይነት አለ፤ ብዙ ሰው የሚጠፋውም እዚህ ነው። ዜድ 2.00 ላይ 0.9772 የሚል ካገኛችሁ ሠንጠረዡ ከግራ ጫፍ ጀምሮ የሚቆጥር ነው። 1 − 0.9772 = 0.0228። 0.4772 የሚል ካገኛችሁ ደግሞ ከመሐል የሚጀምር ነው። 0.5 − 0.4772 = 0.0228። መልሱ አንድ ነው። የትኛው እንደተሰጣችሁ ለማወቅ ዜድ 0.00 ላይ እዩ፤ 0.5000 ካለ የመጀመሪያው፣ 0.0000 ካለ ሁለተኛው ነው።

አልተርኔቲቩ ወደ ሁለቱም ጎን ቢሆን 0.0228ን በ2 ታባዙት ነበር፤ 0.0456። ሥዕሉ ላይ ሁለት ጭራ ስላጠቆራችሁ ነው።

0.0228 ምን ይላል? ነሉ እውነት ቢሆን ኖሮ፣ 48 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚያወጣ ሳምፕል በአጋጣሚ ብቻ የማግኘት ዕድል 2.28 በመቶ ነው። ከ1000 ሙከራ 23 ያህሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ነሉ እውነት የመሆን ዕድሉ 2.28 በመቶ ነው» ብላችሁ አትጻፉ። ፒ-ቫሉ የተሰላው ነሉ እውነት ነው ተብሎ ነው። እውነት ነው ብለን የተነሳንበት ነገር ራሱ እውነት የመሆን ዕድሉ ስንት እንደሆነ ከዚህ ስሌት አይወጣም።

ደረጃ 9፦ ወስኑ

ፒ-ቫሉ ከአልፋ ካነሰ ወይም እኩል ከሆነ ነሉን ጣሉ። 0.0228 ከ0.05 ያንሳል፤ ነሉን እንጥላለን። መምህራችሁ በክሪቲካል ቫሉ (ነሉን ለመጣል ዜድ ማለፍ ያለበት ወሰን) የሚያሠራ ከሆነ፣ ለ0.05 በቀኝ ጎን 1.645 ነው። 2.00 ስለሚበልጥ ውሳኔው ያው ነው። ለሁለት ጎን 1.96 ነው። አልፋ 0.01 ቢሆን ግን በአንድ ጎን 2.33 ስለሚያስፈልግ አንጥልም ነበር። አልፋን አስቀድሞ መወሰን ለምን እንደሚያስፈልግ እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ካልጣላችሁ «ነሉን ተቀበልን» አትበሉ። «ለመጣል በቂ ማስረጃ አላገኘንም» በሉ። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። ፒሃት 0.46 ቢሆን በ150 ሰው ዜድ 1.50 ነው፤ አይጣልም። ያው 0.46 በ600 ሰው ቢገኝ ስታንዳርድ ኤረሩ ወደ 0.02 ይወርዳል፣ ዜድ 3.00 ይሆናል፤ በግልጽ ይጣላል። የመጀመሪያው ሰው «40 በመቶ መሆኑ ተረጋገጠ» ብሎ ቢጽፍ ስህተት ነው። ሳምፕሉ አነሰበት እንጂ ምንም አላረጋገጠም።

ደረጃ 10፦ ውጤቱን ሹፌሩ ራሱ በሚገባው ቋንቋ ጻፉ

«ነል ተጥሏል» ብሎ ማቆም መልስ አይደለም። እንዲህ ጻፉ (የሲግኒፊካንስ ደረጃ የሚባለው አልፋ ነው)፦

«በ5 በመቶ የሲግኒፊካንስ ደረጃ፣ ሀዋሳ ውስጥ ሒሳብ በቴሌብር የሚቀበሉ የባጃጅ ሹፌሮች ድርሻ ከ40 በመቶ እንደሚበልጥ በቂ ማስረጃ አግኝተናል (ዜድ = 2.00፣ ፒ-ቫሉ = 0.0228)።»

ቦታው፣ ሰዎቹ፣ ጉዳዩ፣ አቅጣጫው፣ ቁጥሩ። አንዱም አይቅር።

«ከ40 ከበለጠ ታዲያ ስንት ነው?» ለሚል ሰው ኮንፊደንስ ኢንተርቫል (እውነተኛው ድርሻ ከስንት እስከ ስንት እንደሚሆን የሚገምት ክልል) ትሠራላችሁ። እዚያ ግን ከሥር የሚገባው ፒሃት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እዚያ ነል የለም። «ይህ ነው እንበል» ያለ ሰው ስለሌለ በእጃችሁ ያለው 0.48 ብቻ ነው። √(0.48 × 0.52 ÷ 150) = 0.0408። በ95 በመቶ 0.48 ± 1.96 × 0.0408፣ ማለትም ከ0.40 እስከ 0.56 ገደማ። ሁለቱ ፎርሙላዎች ስለሚመሳሰሉ ነው ሰው የሚያምታታቸው። ራሳችሁን «ነል አለ ወይስ የለም?» ብላችሁ ጠይቁ። ካለ የነሉን፤ ከሌለ የሳምፕሉን።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ቅንፍ መርሳት። ካልኩሌተር ላይ √0.24 ÷ 150 ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ሩቱ ለ0.24 ብቻ ይወጣና 0.0033 ይሰጣችኋል። ዜድ ወደ 24.5 ይዘላል። የክፍል ጥያቄ ላይ እንዲህ ያለ ዜድ ስታዩ መጀመሪያ ቅንፉን ተመልከቱ።

ፐርሰንት ማስገባት። 40 ሳይሆን 0.40 ነው። 1 − 40 ኔጌቲቭ ስለሚሰጥ ካልኩሌተሩ ስህተት ብሎ ይቆማል።

ቶሎ ማጠጋጋት። 71 ÷ 150 = 0.4733 ነው። 0.47 ብላችሁ ከቀጠላችሁ ዜድ ከ1.83 ወደ 1.75 ይወርዳል፤ ፒ-ቫሉውም ከ0.0336 ወደ 0.0401። ቢያንስ አራት አሃዝ ያዙ።

ፒዎቹን ማምታታት። ፒ የሁሉም ሹፌሮች ድርሻ፣ ፒዜሮ የተባለው፣ ፒሃት ያገኛችሁት፣ ፒ-ቫሉ ደግሞ ዕድል። አራቱን ደብተራችሁ ጥግ ላይ ጽፋችሁ ጀምሩ።

ሰው እየጨመሩ መፈተሽ። 150 ጠይቃችሁ አልሆን ሲል 20 ጨምራችሁ፣ እንደገና 20 ጨምራችሁ፣ ከ0.05 በታች ሲሆን ማቆም። ይህን ያደረገ ሰው አልፋው 0.05 አይደለም፤ ከዚያ በጣም በልጧል። ብዛቱን አስቀድማችሁ ወስኑና በዚያው ቁረጡ። የመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠሩ ልጆች፣ ይህችን አደራ።

ብቻችሁን ሞክሩ

አሞራ ገደል ላይ ዓሣ የሚሸጥ ሰው «ከደንበኞቼ 80 በመቶው ቆሮሶ ነው የሚፈልጉት» አለ። እናንተ ያንሳል ብላችሁ ጠረጠራችሁ። 100 ደንበኞች በዕጣ ተጠየቁ፤ 74ቱ ቆሮሶ አሉ። አልፋ 0.05። አሥሩንም ደረጃ ሳትዘሉ ሥሩ፤ የምታጠቁሩት ጭራ በዚህኛው በየት በኩል እንደሆነ ልብ በሉ።

ስታንዳርድ ኤረሩ 0.04፣ ዜድ −1.50፣ ፒ-ቫሉ 0.0668 መውጣት አለበት። ነሉ አይጣልም። ዜድ −1.37 ከወጣላችሁ ከሥር 0.74ን አስገብታችኋል፤ ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ።